የኢንቨስትመንት አማካሪ ድርጅት ሠራተኞችን የኮምፕላያንስ (ሕግና ደንብን አክብሮ የመሥራት) ሥልጠና እንዴት እንስጥ?

በአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይና ልውውጥ ኮሚሽን ዘንድ የተመዘገበ የኢንቨስትመንት አማካሪ ድርጅት የጽሑፍ መመሪያ ሊኖረው፣ የኮምፕላያንስ ኃላፊ ሊሾምና መመሪያውን በየዓመቱ ሊገመግም ግድ ነው። ሥልጠናው ስንት ሰዓት ይሁን የሚል ቁጥር ግን ደንቡ ውስጥ የለም። ብዙዎች ክፍተቱን ከገበያ በተገዛ ስላይድ ይሞሉታል። ስላይዱ የሚያስተምረው የሌላ ድርጅት አሠራር ነው፤ ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ግን የእናንተን መመሪያ ነው።

ስለዚህ ከራሳችሁ መመሪያ ተነሡ። በየአንቀጹ ጎን ይህን ሥራ የሚሠራው ማን እንደሆነ ጻፉ። ባለቤት የሌለው አንቀጽ ከተገኘ ከሥልጠናው በፊት ኃላፊ ይመደብለት። ከዚያ ሠራተኛውን በሥራው ከፋፍላችሁ በየሩብ ዓመቱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አስተምሩ። በዓመት አንዴ ሙሉ ቀን ከማሰልቸት ይህ እጅግ ይሻላል።

ሰፊ ጊዜ የሚገባው የሠራተኞች የግል ግብይት ነው፤ ቀን የሚያልፈውም እዚህ ላይ ነው። የደንበኞችን ግብይት የማወቅ ዕድል ያለው ሠራተኛ ያሉትን አክሲዮኖችና ቦንዶች በ10 ቀን ውስጥ ያሳውቃል፤ መረጃውም ከ45 ቀን በላይ የቆየ መሆን የለበትም። ቆጠራው የሚጀምረው ግብይቱን የማወቅ ዕድል ካገኘበት ዕለት ነው፤ የሙከራ ጊዜ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ያድሳል። የሩብ ዓመት የግብይት ሪፖርት ደግሞ ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ማለትም እስከ ጃንዋሪ 30፣ ኤፕሪል 30፣ ጁላይ 30 እና ኦክቶበር 30። አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው የትዳር ጓደኛና አብሮ የሚኖር ዘመድ ሒሳብ ነው። ዘመድ ባቋቋመው ኩባንያ ውስጥ በግል የሚሸጥ አክሲዮን ለመግዛትም አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰው ይህን እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ስለሚያየው በምሳሌ አስረዱ።

ሁለተኛው ስልክ ነው። ደንበኛ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም በአማርኛ ምክር ቢጠይቅና ሠራተኛው ቢመልስ፣ ያ ጽሑፍ እንደ እንግሊዝኛው ኢሜይል ሁሉ መዝገብ ነው። 5 ዓመት ይቀመጣል፤ የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት ቢሮ ውስጥ። "አትጻፉ" ብሎ መከልከል ብቻ አይሠራም። መልእክቱን በዚያው ዕለት ወደ ድርጅቱ ማኅደር እንዴት እንደሚያስገቡና ውይይቱን ወደ ኢሜይል እንዴት እንደሚያዞሩ እያሳያችሁ አለማምዷቸው።

ፖስታ የሚከፍት ሠራተኛ አንድ ነገር በደንብ ይወቅ፦ የደንበኛ ገንዘብ ሳይታሰብ ከደረሰ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለላኪው ይመለሳል። የአማካሪነት ክፍያና ለሦስተኛ ወገን የተጻፈ ቼክ በዚህ አይታይም። የደረሰበት ቀን ማኅተም ካልተመታበት ሦስቱን ቀን ማስረዳት አይቻልም። ማስታወቂያ የሚያዘጋጀው ደግሞ ክፍያ ያልተቀነሰበትን ትርፍ ሲያሳይ የተቀነሰበትንም እኩል ጎልቶ እንዲታይ ያድርግ።

በመጨረሻ በ10 ጥያቄ ፈትኗቸው። ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ላይ ከተሳሳተ ጥፋቱ የመመሪያው አጻጻፍ ሊሆን ስለሚችል አስተካክሉትና በዓመታዊ ግምገማው አስፍሩት። የፊርማ ዝርዝር ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው፤ የተማሩበትን ጽሑፍ፣ የፈተናውን መልስና የእርማቱን ቀን አብራችሁ አስቀምጡ። ሠራተኞቹ የድርጅቱን የሥነ ምግባር ደንብ መቀበላቸውን፣ ደንቡ በተሻሻለ ቁጥርም ማሻሻያውን መቀበላቸውን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ግን ሕጉ ራሱ ያዛል።

አንዳንድ ግዛቶች የሚጠይቁት ትምህርት፣ ለምሳሌ ሜሪላንድ ውስጥ ለተመዘገቡ የአማካሪ ድርጅት ተወካዮች ከ2022 ጀምሮ የተጣለው የ12 ክሬዲት (የትምህርት ሰዓት መለኪያ) ዓመታዊ ትምህርት፣ ሌላ ግዴታ ነው፤ ይህን የውስጥ ሥልጠና አይተካም።