አሮጌ ቴምብር ካገኛችሁ ከፖስታው ላይ አትላጡት

የድሮ ደብዳቤ እጃችሁ ከገባ ቴምብሩን ለመላጥ አትቸኩሉ። ማህተሙ፣ ቀኑና አድራሻው አብረው ሲቆዩ አንዳንዴ ከቴምብሩ ይልቅ ውድ የሚሆነው ሙሉው ፖስታ ነው።

የአገር ስም የሌለበትና የንጉሥ ወይም የንግሥት ምስል ያለበት ቴምብር የእንግሊዝ ሊሆን ይችላል። ማጣበቂያ ያለውን ቴምብር እ.ኤ.አ. በ1840 የጀመረችው እሷ ስለሆነች ዛሬም ስሟን አትጽፍበትም። ቀጥሎ የጠርዙን ጥርስ ቁጠሩ፦ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ አለ? ሥዕላቸው አንድ የሆኑ ሁለት ቴምብሮች አንዱ 12፣ ሌላው 14 ከወጣ እትማቸው ይለያያል፤ ዋጋቸውም የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ማስመሪያ ይበቃል፣ ብቻ አትቸኩሉ።

ፖስታ ካርድ ከሆነ ገልብጡት። ጀርባው በመስመር ለሁለት ካልተከፈለ፣ ማለትም ለአድራሻ ብቻ ከተተወ፣ ብዙውን ጊዜ የቆየ ነው፤ መልእክትና አድራሻ ጎን ለጎን እንዲጻፍ እንግሊዝ በ1902፣ አሜሪካ በ1907 ነው የፈቀዱት። ፊቱን በአጉሊ መነጽር እዩት። ሥርዓት ያለው ነጠብጣብ ከታየ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፤ ካልታየ እውነተኛ ፎቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ የሚሻሙት ይህኛውን ነው።

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አያመጣም። የ1840ው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ጥቁር ቴምብር እንኳ 68 ሚሊዮን ገደማ ታትሟል፤ እንደሚወራለት ብርቅ አይደለም። በካታሎግ (የቴምብር መዘርዝር መጽሐፍ) የተጻፈው ዋጋም አያታላችሁ (እኔን አታሎኛል)፤ ሻጭ የጠራውን ሳይሆን ተመሳሳዩ በእርግጥ የተሸጠበትን እዩ።