የኖራው በራሪ ወረቀት እንዴት ተስተካከለ

ችግሩ ይህ ነበር። የአፈር ተመራማሪ የሆነ ወዳጄ ለጎዛምን ገበሬዎች ስለ አፈር አሲዳማነት በራሪ ወረቀት አዘጋጀ። የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። ገበሬው ግን አንብቦ «እና ምን አድርግ ነው የምትሉኝ?» ይላል።

መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ የነበረውን ግራፍ አስወገድነው። ወረቀቱ በፒኤች (የአፈሩን ኮምጣጣነት በሚለካው ቁጥር፤ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይብሳል) ፈንታ ገበሬው በዓይኑ ከሚያየው ነገር ጀመረ፦ ማዳበሪያ ተጨምሮበትም ስንዴው ለምን ቀጨጨ? አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥሩን ይጎዳል፤ ፎስፈረሱንም አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል። ኖራ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል። በቃ።

የኖራው መጠን «በሄክታር 2 ቶን» የሚለው «በጥማድ 5 ኩንታል» ሆነ፤ 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ነውና። (መጠኑ በአፈር ምርመራ ይለያያል፤ ይህንንም ጽፈናል።)

ወዳጄ «ሳይንሱን አቅጥነህ ጨረስከው» ብሎ አኮረፈ። እውነቱን ለመናገር ስጋቱ ተገቢ ነው። ፒኤች ከ5.5 ወደ 4.5 ሲወርድ አሲዳማነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል፤ «በ1 ቀነሰ» ማለት ብቻውን ያታልላል። ስለዚህ ቁጥሮቹን ለልማት ሠራተኞች ብለን ከጀርባው አተምናቸው።

ከሁሉ የጠቀመን ግን መልሶ ማስነገር ነው። አንድ አባት አንብበው በራሳቸው አነጋገር እንዲነግሩን ጠየቅናቸው። «ገባኝ ልጄ፤ የዘር ቀን ከማዳበሪያው ጋር እበትነዋለሁ» አሉ። ጉድ ፈላ! ኖራ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ይህ ከታች ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። አሁን አናቱ ላይ በደማቁ ታትሟል።