ሲስተሙ ሌላ፣ ስቶሩ ሌላ፦ የኢአርፒ ችግርና መፍትሄ

«ሲስተሙ ተበላሽቷል።» ጠዋት ስልኬ ሲጮህ የምሰማው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ከሰላምታም ይቀድማል። ሄጄ ሳየው ሲስተሙ ደህና ነው። የተበላሸው ሌላ ነገር ነው።

ሥራዬ ጎንደር ውስጥ ለአከፋፋዮች፣ ለግንባታ ዕቃ መደብሮችና ለእህል መጋዘኖች ኢአርፒ፣ ማለትም ግዢን፣ ሽያጭን፣ ስቶርንና ሂሳብን በአንድ ቦታ የሚይዝ ፕሮግራም፣ ማስገባት ነው። በብዛት ኦዱ፣ አንዳንዴ ኢአርፒኔክስት። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ከፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራምና ከኤክሴል ነው የሚመጡት። አራዳ አንድ ሱቅ ብቻ ሳለ ሁሉ ነገር በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ከዚያ አዘዞ ሁለተኛ ሱቅ ተከፈተ፣ ማራኪ መጋዘን ተከራዩ፣ ጭንቅላት አልበቃ አለ።

አጥፍቶ ማብራትን፣ ገመድ ማየትን፣ ኔት መኖሩን ማረጋገጥን እዚህ አላስተምርም። ያንን ሞክራችሁ አልሆን ብሏችሁ ነው የመጣችሁት።

ምልክት፦ ሲስተሙ የሚለውና ስቶር ውስጥ ያለው አይገናኝም

ይህ እንጀራዬ ነው። ሌላውን ብትዘሉት ይህን አንብቡ።

መልኩ ይለያያል። አንዱ ጋ ሲሚንቶ ከዜሮ በታች 340 ሆኖ ይታያል። ሌላው ጋ ሚስማሩ ስቶር ውስጥ ተቆልሏል፣ ካሸሯ ግን «አልቋል ይላል» ብላ ደንበኛ ትመልሳለች። ባለቤቱ ፕሮግራሙን ይሰድባል። ቀጥሎ እኔን። መንስኤው ግን ሁልጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ መለኪያ ወይ ደብተር። ብዙ ጊዜ ሁለቱም።

ከመለኪያው ልጀምር። «አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ስንት ገባ?» ስንባባል የምናወራው ስለ 100 ኪሎ ነው። ከረጢቱ ግን 50 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ሁለት ከረጢት ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ግን ይረሱታል። አንድ መደብር ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል አራገፈ። ስቶር ኪፐሩ የመኪናውን ወረቀት አይቶ 400 ብሎ መታ። ሲስተሙ ላይ የሲሚንቶው መለኪያ ከረጢት ነበር። ሽያጩ በከረጢት ሲወርድ 400ው በጥቂት ቀን አለቀ፤ ስቶሩ ግን ገና ግማሹ ነው። መሸጥ ቀጠሉ። እኔ ስደርስ ከዜሮ በታች 340 ላይ ነበሩ።

ኦዱ ይህን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ዕቃው ባይኖርም ይውጣ ካላችሁት ያወጣል። ኢአርፒኔክስት እንደመጣ ከተዋችሁት ይከለክላል፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ይፈቀድ» የምትለዋን ሳጥን የሚነካ ብልጥ እስኪመጣ ድረስ። ያቺን ሳጥን አትንኩ። ደንበኛ ቆሞ እየጮኸም ቢሆን አትንኩ።

ፌሮ ደግሞ የባሰ ነው። በኪሎ ይገዛል፣ በቤርጋ (በሙሉ ዘንግ) ይሸጣል። ባለ 12 (ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ) ፌሮ በስሌት በሜትር 0.888 ኪሎ ነው፤ 12 ሜትሩ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ይመጣል። ባለ 10ሩ 7.4፣ ባለ 8ቱ 4.74። ፕሮግራሙን የሚያስገባው ሰው እነዚህን ቁጥሮች ይሞላል፤ ሲስተሙ ኪሎውን ራሱ ወደ ቤርጋ ይቀይራል። ሲያዩት ያምራል። ግን ገበያው ስንት ቀጭን ፌሮ ያመጣልናል? 12 ተብሎ ይሸጣል፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ስሌቱን አይሞላም። ሻጩም ያውቃል።

አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ 12 ቶን ባለ 12 ገዝቶ ነበር። ሲስተሙ 1,126 ቤርጋ ብሎ መዘገበ። 900 ተሸጠ። 226 መቅረት አለበት። እሁድ ግቢው ውስጥ ገብተን የእያንዳንዱን ጫፍ በቀይ ቀለም እየነካን ቆጠርን። 231 ሆነ። ባለቤቱ ፊቱ በራ። «አየህ፣ እንዲያውም 5 ትርፍ አለን!»

እኔን ግን ትርፉ ደስ አላለኝም። ዕቃ አይወልድም። አሥር ቤርጋ አስመዝዤ ሚዛን ላይ አወጣሁ፤ 102 ኪሎ። አንዱ 10.2 መሆኑ ነው። በዚህ ክብደት 12 ቶኑ ሲመጣ 1,176 ቤርጋ ነበር። 276 መገኘት ነበረበት። 45 ቤርጋ የለም።

ግቢው ጸጥ አለ። ስቶር ኪፐሩ መሬት መሬቱን ያያል። ባለቤቱ እሱን ያያል። በመጨረሻ ካሸሯ ከጠረጴዛው ስር ጠርዙ የተቀዳደደ ሰማያዊ ደብተር ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ይኼ የእርስዎ ጽሑፍ አይደል?» 30 ቤርጋ ለቤተ ክርስቲያን አጥር ተሰጥቷል። 15 አማቻቸው በዱቤ ወስዷል። ቀኑም አለ። ጋሼ ስቶር ኪፐሩን ሊያባርሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

እንግዲህ የመለኪያው መፍትሄ ይህ ነው። ስቶር የሚቀበለው ሰው በእጁ በሚነካው ነገር መዝግቡ። ፌሮ በቤርጋ፣ ሲሚንቶ በከረጢት። ሲራገፍ ይቆጠር፤ ኪሎው ለሻጩ ክፍያ ብቻ ያገልግል። የከፈላችሁትን ብር ለተቆጠረው ቤርጋ አካፍሉት፣ የአንዱ መግዣ ዋጋ እሱ ነው። ሚስማር ካርቶን እየከፈታችሁ በኪሎ የምትሸጡ ከሆነ መለኪያው ኪሎ ይሁን፤ ካርቶኑ ስንት ኪሎ እንደሆነ ደግሞ ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ መዝኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ መለኪያ በኋላ አይታረምም። ብዙዎቹ የኦዱ ስሪቶች አንዴ ዕቃው ከገባና ከወጣ በኋላ መለኪያውን አልቀይርም ይላሉ። ያኔ የቀራችሁ የድሮውን ዕቃ ዘግታችሁ በአዲስ ስም መክፈት ነው፤ የስድስት ወር ታሪክ ለሁለት ይቆረጣል። ስለዚህ መለኪያውን ከመጀመሪያው ከስቶር ኪፐሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። ከአካውንታንቱ ጋር ብቻ አትጨርሱት። አካውንታንቱ ፌሮ ተሸክሞ አያውቅም።

አሁን ደብተሩ። ሁሉም ሱቅ አለው። መብራት ሲጠፋ ይጻፍበታል፣ ዱቤ ይጻፍበታል፣ ባለቤቱ በስልክ «ለእገሌ ስጠው» ሲል ይጻፍበታል። «ማታ አስገባዋለሁ» ይባላል። ማታ ድካም ነው። ነገ ደግሞ ሌላ መኪና ይመጣል።

መጀመሪያ አካባቢ እኔም ደብተር ይከልከል እል ነበር። ሞኝነት ነው። ስትከለክሉት ከጠረጴዛ ስር ይገባል፣ ያኔ ጭራሽ አታገኙትም። አሁን የማደርገው ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ ሁለት ቅጂ የሚወጣ የዕቃ ማውጫ ወረቀት ማሳተም ነው። ያለዚያ ወረቀት ከስቶር ምንም አይወጣም፤ ባለቤቱም ቢሆን። ካሸሯ ከመዝጋቷ በፊት የቀኑን ወረቀቶች በቁጥር ታስገባለች። 214 እና 216 ካለ 215 እስኪገኝ ሱቁ አይዘጋም። ለስጦታና ለቤተሰብ ሲስተሙ ላይ የየራሳቸው የዕቃ መውጫ መዝገብ ይከፈትላቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን መስጠት መልካም ነው፣ ግን ይጻፍ።

ባለቤቶች ቅር ይላቸዋል እንጂ የአድሚን ይለፍ ቃል አልሰጣቸውም። የሚያዩበት እንጂ የማይሰርዙበት መግቢያ ይበቃቸዋል። አንዱ ለምኖ ወሰደና ያልወደደውን ዱቤ ሁሉ አጠፋ። ዱቤው የእሱ ነበር፣ ሰዎቹ ሊከፍሉት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩ ሳይገናኝ ሲቀር «አስተካክል» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ስቶሩን የሚያመሳስል ሰው አለ። በየሳምንቱ ይጫናል፣ ሪፖርቱ ንጹህ ይሆናል፣ ዕቃው ይጠፋል። ይህን ቁልፍ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይነካው። ከማስተካከል በፊት ምክንያቱ ይጻፍ። በየሳምንቱ አሥር ዓይነት ዕቃ ብቻ ቁጠሩ፣ በጠዋት፣ ሽያጭ ሳይጀመር። እየሸጡ መቁጠር የለም።

ምልክት፦ አንድ ደንበኛ ሦስት ቦታ ይገኛል

ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት። ጸሐይና ፀሀይም እንዲሁ። ሦስተኛዋ ካሸር ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፈዋለች። የዱቤ ጣሪያው 50,000 ብር የሆነ ሰው በሦስቱም ስሙ እየወሰደ 150,000 ደርሶ አይቻለሁ። አላጭበረበረም፤ ማንም አልከለከለውም።

ደንበኛን በስም አትፈልጉ። በስልክ ወይም በቲን ቁጥር ይፈለግ፣ ድግግሞሽ ሲመጣ ሲስተሙ እንዲከለክል ይደረግ። ቲን አሥር አኃዝ ነው፤ ብዙው በዜሮ ይጀምራል። ከኤክሴል ስታመጡ ዜሮዎቹን ኤክሴል ይበላቸዋል። የስልኩንም 0 እንዲሁ። ቁጥሩን ከመለጠፋችሁ በፊት ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሩት። ከለጠፋችሁ በኋላ ብትቀይሩት የተበላው አይመለስም።

ምልክት፦ የወሩ ሽያጭ ከአካውንታንቱ ጋር አይገጥምም

ሲስተሙ «ይህ ወር» ሲል ጁላይን ነው፣ እናንተ ሐምሌን። የበጀት ዓመቱን ከጁላይ 1 የሚጀምር ሰው አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣሁት እኔ እከፍላለሁ። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው፣ ሰኔ 30 ጁላይ 7። የወሮቹን መጀመሪያና መጨረሻ አንድ ጊዜ በሰንጠረዥ አስገቡ፣ የቫት ሪፖርት በእሱ ይውጣ። ያኛው ዓመት ሰንጠረዥ ግን በጭፍን አይቀዳም። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይንሸራተታል። የ2020 መስከረም 1 እንዲያ ነው።

የካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝና የሲስተሙ ሽያጭ ካልተገናኘ እያንዳንዱ ሽያጭ ላይ የኤፍኤስ ቁጥሩን (ደረሰኙ ላይ የሚታተመውን ተከታታይ ቁጥር) ማስገባት ግዴታ አድርጉት። ያኔ የጎደለው ራሱ ይታያል።

ምልክት፦ ከጀመርን ሦስት ወር ሆነን፣ አሁንም አሮጌውንም አዲሱንም እየሠራን ነው

መንስኤው የተሳሳተ ቀን ነው። ጥር ላይ የጀመረ አውቃለሁ። በጥምቀት ሳምንት ቆጠራ! ከተማው በእንግዳ ተሞልቶ፣ ሠራተኛው ግማሹ ታቦት ሸኝቶ ሳይመለስ። የግንባታ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው የሚሻለው ሐምሌ ነው። ዝናብ ነው፣ ግንባታ ይቀዘቅዛል፣ ዓመቱም ያኔ ይጀምራል። ሰኔ 30 ማታ ቆጥራችሁ ሐምሌ 1 ግቡ። የሂሳብ መዝጊያው እስከ ጥቅምት ቢዘገይም የመክፈቻውን ቁጥር በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ እሱን እየጠበቁ መቆም የለም። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ ከአንድ ወር አይብለጥ። ሁለት ቦታ የሚጽፍ ሰው አንዱን በልቡ ትቶታል። የሚተወው ደግሞ አዲሱን ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የሚታተመው ደረሰኝ ላይ አማርኛው ባዶ አራት ማዕዘን ከሆነ ሰርቨሩ ላይ የግዕዝ ፎንት የለም፤ ጫኑበት። ከድሮ ፋይል የመጣ ስም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከሆነ በቪዥዋል ግዕዝ (በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) ዘመን የተጻፈ ነው፤ መቀየሪያ ካላገኛችሁ እንደገና ጻፉት።

ትርፉ ከልክ በላይ አምሮ ከታየ የትራንስፖርቱና የጫኝና አውራጁ ክፍያ መግዣው ላይ አልተጨመረም።

ሲስተሙ ከሰዓት በኋላ ብቻ ከዘገየ አንድ ሰው የዓመት ሪፖርት ከፍቶ ትቶታል። ፈልጉት።

ባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂው) እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ ባክአፕ የለም። በፍላሽም ካወጣችሁት በሌላ ማሽን ላይ ከፍታችሁ እዩት። አንድ ቤት ለስምንት ወር በየማታው ፍላሽ ያወጡ ነበር። ዲስኩ ሲሞት ፍላሹን ከፈትነው፤ በየማታው የተገለበጠው የዴስክቶፑ አቋራጭ ምልክት ነበር።