ውቅያኖስ ዳር ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ደረጃውን እዩት

ለዓመታት አብረን እቁብ የጣልን አራት ጓደኛሞች ነን። ከጥቂት ጊዜ በፊት ገንዘባችንን አዋጥተን ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ውቅያኖስ ዳር ያለ ቤት ልንገዛ ተነሳን። ሰመር ላይ እናከራየዋለን፣ ዕዳውን ራሱ ይከፍላል፣ ልጆቻችንም ይዝናኑበታል ብለን። ከቨርጂኒያ አምስት ስድስት ሰዓት ነድተን ደረስን። ቤቱ በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ከበረንዳው ሲያዩት ውሃ ብቻ ነው፣ ልብ ይሰርቃል። ዋጋውም ከጠበቅነው በታች ነበር።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። ወደ አሸዋው የሚያወርደው ደረጃ አሸዋውን አይነካም። የመጨረሻው እርከን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ከሥሩ የአንድ ትንሽ ልጅ ቁመት ያህል ክፍተት አለ። ጎረቤት ያሉ አንዲት ሴትዮ ጠየቅኩ። «ባለፈው ዓመት እኮ መሬት ላይ ነበር» አሉኝ። ቤቱን ያሳየን ኤጀንት ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

አልገዛንም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር፣ ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። እንዲህ ዓይነት ቤት ሊገዙ የሚያስቡ አበሾች እየበዙ ስለሆነ የተማርኩትን በደንብ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ወሬ እንዳይመስላችሁ። እዚያው ሰሜን ካሮላይና፣ ሃተራስ ደሴት ላይ ሮዳንቲ እና በክስተን የሚባሉ ሁለት ትንንሽ መንደሮች አሉ። ከ2020 ወዲህ እዚያ ከ20 በላይ ቤቶች ውቅያኖስ ውስጥ ገብተዋል። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በክስተን ላይ አምስት ቤቶች በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ወደቁ። አውሎ ነፋስ መሬት ላይ ወጥቶ አልመታቸውም። ሁለት አውሎ ነፋሶች ከሩቅ፣ ከውቅያኖሱ መሃል የሰደዱት ማዕበል ነው የጣላቸው። መተሐራ ላይ ያለፈ ሰው የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ እስከ አስፋልቱ እንደመጣ አይቷል። በሰቃ ግን ዓመታት ወስዶበታል፤ እዚህ አንድ ከሰዓት በቃ።

እንግዲህ ቤት ስታዩ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከቤቱ የውቅያኖስ በኩል ግድግዳ ተነስታችሁ ሣሩ እስከሚያልቅበት ድረስ ለኩ። ሰሜን ካሮላይና ራሷ አዲስ ቤት የት መሠራት እንዳለበት የምትለካው ከሣሩ መስመር ተነስታ ነው። ቀጥሎ የስቴቱን የባሕር ዳርቻ መሸርሸር ካርታ ክፈቱ። ለሁሉም ክፍት ነው፣ እያንዳንዱ ቦታ በዓመት ስንት ጫማ እንደሚበላ ያሳያል። ሮዳንቲ ውስጥ በዓመት ከ10 ጫማ በላይ፣ ማለትም ከ3 ሜትር በላይ የሚሄድበት ቦታ አለ። የለካችሁትን በዚያ ቁጥር አካፍሉ። 100 ጫማ ርቀት፣ በዓመት 10 ጫማ ቢበላ፣ አሥር ዓመት ነው። ሞርጌጁ፣ የባንኩ የቤት ብድር ማለት ነው፣ ግን ሠላሳ ዓመት ነው። በዚያ ላይ የሞርጌጅ የመጀመሪያ ዓመታት ክፍያ አብዛኛው ወለድ ስለሆነ ቤቱ ሲወድቅ ዋናው ዕዳ ገና ብዙም አልተነካም። ደግሞ ያ ቁጥር አማካይ መሆኑን አትርሱ። አንድ ክፉ ክረምት የአምስት ዓመቱን በአንዴ ሊወስደው ይችላል።

ካርታው ካልገባችሁ ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ ፎቶዎችን ወደ ኋላ እየመለሳችሁ እዩ። ከቤቱ ፊት ሌላ ረድፍ ቤት ነበረ? አሁንስ የት ሄደ? ለእኔ ከቁጥሩ ሁሉ በላይ ይኼ ነው ያስደነገጠኝ።

ሴፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ የት እንዳለ ጠይቁ። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል። ከእነዚህ ቤቶች አብዛኞቹ የከተማ ፍሳሽ መስመር የላቸውም፣ ታንካቸው ግቢ ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው። ታንኩ በውቅያኖሱ በኩል ከሆነ አሸዋው ሲሄድ መጀመሪያ የሚጋለጠው እሱ ነው። ያኔ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ቤቱ ለመኖሪያ አይሆንም ብሎ ይለጥፍበታል። ቤቱ ቆሞ እያለ ማከራየት አትችሉም ማለት ነው። ኪራዩ ይቆማል፣ የባንኩ ክፍያ ግን በየወሩ ይመጣል።

አሁን ወደ ኢንሹራንስ። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍንም ሆነ የመሬት መንሸራተትን አይከፍልም። ስለዚህ ሰው የሚገዛው ፌማ የሚባለው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረውን የመንግሥት የጎርፍ ኢንሹራንስ ነው። እሱም ለአንድ መኖሪያ ቤት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ አይከፍልም፣ ቤቱን በስንትም ብትገዙት። ለመሬቱ ምንም የለም። የምታከራዩት ወይም ለዕረፍት የምትመጡበት ቤት ከሆነ ደግሞ የሚታሰበው የእርጅናው ተቀንሶ እንጂ እንደ አዲስ ማሠሪያው አይደለም። ፍርስራሽ ለማንሳት የሚወጣውም ከዚያው ከ250 ሺው ውስጥ ነው የሚቆረጠው። ባንክ ዕዳ ካለበት የካሳው ቼክ ላይ የባንኩም ስም አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቀስ በቀስ የሚበላ መሬት በኢንሹራንሱ አይሸፈንም፤ ማዕበል ቤቱን ሲጥለው ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ባለቤቱ ቤቱ እንደሚወድቅ እያወቀ ቀድሞ ቢያፈርሰው ወይም ቢያነሳው ወጪው ከኪሱ ነው፣ ቁጭ ብሎ እስኪወድቅ ቢጠብቅ ግን ካሳ ያገኛል። በ1987 የወጣ አንድ ሕግ ከመውደቁ በፊት ለማንሳት ወይም ለማፍረስ ገንዘብ ይሰጥ ነበር፣ በ1994 ተሻረ። ለእኔ ይኼ ትልቅ ስህተት ነው። ቤቱ ሲወድቅ ሚስማሩ፣ የጣሪያው ሽፋን፣ የሴፕቲኩ ቆሻሻ በብዙ ማይል የባሕር ዳርቻ ላይ ይበተናል። ከዚያ የፓርክ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው ይለቅማሉ። ልጆች በባዶ እግራቸው በሚሮጡበት አሸዋ ላይ ማለት ነው። ወጪው ቤቱ ባልነበረው ሕዝብም ላይ ይወድቃል።

መንግሥት ይገዛኛል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ። በ2023 የኬፕ ሃተራስ ብሔራዊ ፓርክ ሮዳንቲ ላይ ሁለት ቤቶችን ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ ገዝቶ አፍርሷል። ጥሩ ሥራ ነበር። ግን ሁለት ቤት ነው፣ የማንም መብት አይደለም።

«ካውንቲው የተበላው ዳርቻ ላይ አሸዋ ይጨምራል» የሚላችሁም ይኖራል። እውነት ነው፣ ይጨመራል። ግን የት እንደተጨመረና ማን እንደከፈለ ጠይቁ። በክስተን በ2022 አሸዋ ተሞልቶላት ነበር፣ ቤቶቹ የወደቁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ለአሸዋው ተብሎ በአካባቢው ባለንብረቶች ላይ ተጨማሪ ታክስ የሚጣልበት ቦታም አለ። የንብረት ታክሱን ደረሰኝ ሳታዩ አትፈርሙ።

እንደ እኛ በማኅበር የምትገዙ ከሆነ ይቺን በተለይ ስሙኝ። አራት ሰው ሞርጌጅ ላይ አብሮ ሲፈርም ባንኩ ዕዳውን ለአራት አያካፍለውም። ሁለቱ መክፈል ቢያቅታቸው ሙሉው ዕዳ በቀሩት ላይ ነው። ቤቱ ውሃ ውስጥ ገብቶም ቢሆን። እቁብ ላይ ዳኛ አለ፣ ዋስ አለ፣ ሰው ይለመናል። ባንክ እንደዚያ አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ቁጭ አድርጎ ያስረዳችሁ።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነስ? የኢንሹራንሱ ጊዜ እንዳያልፍ ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱም አዲስ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ቤቱን በየወሩ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑ ይታይ። ከኋላ በኩል ቦታ ካላችሁ ቤቱን ከምሰሶው አንስቶ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ኮንትራክተር ዛሬውኑ ዋጋ ጠይቁ። ሮዳንቲ ላይ እንዲህ የተረፉ ቤቶች አሉ። መሬቱ ከሥሩ ካለቀ በኋላ ግን ማሽኑ የሚቆምበት ቦታ እንኳ አይኖርም።

ለሻጩ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ደግሞ በቃል ሳይሆን በኢሜይል አድርጓቸው። ከዚህ በፊት የጎርፍ ካሳ ተከፍሎበታል? ስንቴ? ካውንቲው አይኖርበትም ብሎ ለጥፎበት ያውቃል? ሴፕቲኩ ተዛውሯል? ደረጃው መቼ ነው የተሠራው፣ ሲሠራስ አሸዋውን ይነካ ነበር?