ቴምዝ ላይ ጀልባ ይዞ ሎክ ማለፍ

እንግሊዝ አገር ባለው ቴምዝ ወንዝ ላይ፣ ከሌችሌድ ከተማ እስከ ለንደኑ ቴዲንግተን፣ 44 ሎኮች አሉ። ሎክ ማለት በሁለት በሮች መሀል ያለ ገንዳ ነው፤ ውሃ ሲሞላ ጀልባዋ ከፍ፣ ሲጎድል ዝቅ ትላለች። ስትቀርቡ መጀመሪያ ወደ ሎኩ የሚመራውን ምልክት እዩ፤ ከሎኩ አጠገብ ግድብ አለ፣ ወደዚያ ከተሳባችሁ ጉድ ፈላ! ገብታችሁ ሞተር አጥፉ። ገመዱን በዳሩ ምሰሶ አዙራችሁ ጫፉን በእጃችሁ ያዙት እንጂ እንዳትቋጥሩት፤ ውሃው ሲወርድ የታሰረች ጀልባ በአንድ ጎኗ ተንጠልጥላ ትቀርና ልትገለበጥ ትችላለች። ውሃው ሲጎድል ገመዱን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፣ ሲሞላ ሰብስቡ። ደግሞ ስትወርዱ ከኋላችሁ ካለው በር ራቁ፤ ስሩ ደፍ አለ፣ የጀልባዋ ጭራ እሱ ላይ ከተቀመጠ አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ይገባል። የሎክ ጠባቂ ካለ የሚላችሁን ስሙ። ቀይ ሰሌዳ ከተሰቀለ ግን ወንዙ ኃይለኛ ነው፤ ሻያችሁን እየጠጣችሁ ጠብቁ።