ካሜራን ለአርክቲክ ብርድ ማዘጋጀት፦ ከአዲስ አበባ እስከ አቢስኮ

አቢስኮ በሰሜን ስዊድን፣ በ68 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ፣ ቶርኔትሬስክ ከተባለው ሰፊ ሐይቅ ዳር የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ዙሪያዋን የከበቡት ተራሮች ከምዕራብ የሚነዳውን ደመና ስለሚያስቀሩላት ሰማይዋ ከአካባቢው ሁሉ የጠራ ነው፤ አውሮራ የሚባለውን የሰሜን ሰማይ ብርሃን ማንሳት የሚሹ ፎቶግራፈሮች የሚመርጧትም ስለዚሁ ነው። እኛ ክረምት ስንል ዝናቡን እናስባለን፤ እዚያ ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች 10 ወይም 20 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው። አብዛኞቹ የካሜራ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው የሚያስቀምጡት የአሠራር ወሰን ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ላለው ሁሉ ኃላፊው የካሜራው ባለቤት ራሱ ነው።

ካሜራ ሜዳ ላይ ቆሞ ከሚደርስበት ይልቅ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ የሚደርስበት ጉዳት የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዝግጅትዎን በመጀመሪያ በባትሪው፣ ቀጥሎም በቤቱ ደጃፍ ላይ ያተኩሩ፤ የቀረው ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ የሚመጣ ነው።

የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የሚካሄደው ኬሚካላዊ ሥራ ይዘገያል፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ከወትሮው ኃይሉ ግማሽ ያህሉን ብቻ ቢሰጥ አያስገርምም። ሙሉ ሆኖ ይታይ የነበረው ምልክት በድንገት ቀይ ይሆንና ካሜራው ይጠፋል። ይሁን እንጂ ኃይሉ ባክኖ አልቀረም፤ ባትሪውን አውጥተው ገላዎ አጠገብ ባለ የውስጥ ኪስ ቢያሞቁት የቀረውን መልሶ ይሰጣል። ለአንድ ሌሊት ቢያንስ አራት ባትሪ ይያዙ፤ ያልተነኩትን በቀኝ፣ ደክመው የወጡትን በግራ ኪስ የማድረግ ልማድ ካለዎት በጨለማ ውስጥ አይምታቱብዎትም። ከውጭ እንደገቡ ቻርጀር ላይ መሰካት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ባትሪ ሲሞላ በውስጡ የሊቲየም ብረት ይጋገርና ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ያግኝ።

በአውሮፕላን ጉዞ ትርፍ ባትሪዎችና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ አይገቡም። ልኬቱ ዋት ሰዓት ሲሆን ስሌቱም ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፒር ሰዓት ማባዛት ብቻ ይበቃል። 7.2 ቮልትና 2,280 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው የካሜራ ባትሪ 16.4 ዋት ሰዓት ነው፤ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ ደግሞ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ይሆናል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ልዩ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይሻል፤ ከዚያ በላይ ያለው አይፈቀድም። የባትሪዎቹን የብረት ጫፍ በፕላስተር ይሸፍኑ። የስዊድን ሶኬት እኛ የምናውቀው ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ስለሆነ ቻርጀርዎ ያለ ችግር ይሠራል። ሲመለሱ በጉምሩክ ጥያቄ እንዳይነሣብዎ የካሜራውንና የሌንሱን ቁጥር የያዘ የግዢ ደረሰኝ አብሮዎት ይሁን።

ወደ ደጃፉ ስንመጣ፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚያልበው ያስታውሱ። በረዶ የመሰለ ካሜራ 20 ዲግሪ ሙቀት ወዳለበት ክፍል ሲገባም በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በብረቱና በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፤ በላዩ ላይ ብቻ ሳይሆን አየር በሚገባበት ሁሉ፣ በሌንሱ ውስጥና በኤሌክትሪክ መገናኛዎቹ ላይ ጭምር። እኔ በመጀመሪያው ሌሊቴ ሻይ ልጠጣ ገብቼ ካሜራውን ምድጃው አጠገብ አስቀመጥሁት፤ አውሮራው በድንገት ደመቀ ሲሉኝ ይዤው ስሮጥ በሌንሱ ውስጥ የነበረው ጤዛ ወደ በረዶ ተለወጠና እስኪነጋ አንድም የረባ ፎቶ አላነሣሁም።

መፍትሔው ዚፕ ያለው ወፍራም ትልቅ ፌስታል ነው። ገና ውጭ ሳሉ ሚሞሪ ካርዱንና ባትሪውን ያውጡ፤ ይህን ከረሱ ያነሡትን ለማየት ሲጓጉ ፌስታሉን ያለ ጊዜው መክፈትዎ አይቀርም። ከዚያ ካሜራውን ከነሌንሱ ያስገቡት፤ አየሩን ጨምቀው ያስወጡና ይዝጉት፤ ወደ ቤት የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ጤዛው ያኔ በፌስታሉ ላይ ይቀራል። ከማሞቂያ ራቅ አድርገው ሁለት ሰዓት ያህል ይተዉት። በዚያው ሌሊት ተመልሰው የሚወጡ ከሆነ ግን ከነጭራሹ ባያስገቡት ይሻላል፤ ያልሞቀ መግቢያ ክፍል ወይም የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ይበቃዋል። ሲሊካ ጄል ቢጨመር አይጎዳም፤ ይሁንና የፌስታሉን ሥራ አይተካም።

እዚህ የለመድነው አንድ ነገር እዚያ መቅረት አለበት፤ ሌንስን በትንፋሽ አርጥቦ መወልወል። ትንፋሹ መስታወቱ ላይ ወዲያው ይረጋል፤ ስለዚህ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ይያዙ፤ በመመልከቻው ሲያዩም ትንፋሽዎን ይቆጥቡ። የብረት ዱቄት ያለባቸውን የእጅ ማሞቂያ ከረጢቶች በላስቲክ ከሌንሱ አንገት ጋር ቢያስሯቸው ውርጩን ይከላከላሉ፤ የሚሞቁት አየር ሲያገኙ ስለሆነ ሸፍነው አያፍኗቸው።

ለአውሮራ ሲዘጋጁ ከሌንሱ ፊት ያለውን መከላከያ ፊልተር ያውጡ። የአውሮራው አረንጓዴ ብርሃን ከአንድ ጠባብ የሞገድ ርዝመት ስለሚመጣ በጠፍጣፋው ፊልተርና በሌንሱ መካከል ተመላልሶ በፎቶው መሐል ክብ ክብ ቀለበት ይፈጥራል፤ ይህንንም በኋላ በኮምፒውተር ማጥፋት አድካሚ ነው። ፎከሱን በእጅ፣ ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ አጉልተው ያስተካክሉ፤ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በፕላስተር የሚያስሩት ሌንሱ ውጭ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን፤ ሲቀዘቅዝ ፎከሱ ሊዛነፍ ይችላልና። መነሻ የሚሆንዎ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 2.8፣ ኢሶ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600 እስከ 3200፣ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ነው። ቀን ላይ በረዶ ሲያነሡ ካሜራው ነጩን ግራጫ ሊያደርገው ስለሚሞክር አንድ ስቶፕ ገደማ (የብርሃኑን እጥፍ ያህል) ይጨምሩ። ለፍትሕ ያህል፣ ብርዱ የሚጠቅመው ነገርም አለ፤ ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ረጅም ሰከንድ በወሰደ ፎቶ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ይቀንሳል።

የትራይፖዱን እግሮች በአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ይጠቅልሏቸው፤ አልሙኒየም በጓንት ውስጥ እንኳ የእጅን ሙቀት ይመጥጣል። ከውስጥ ቀጭን፣ ከላይ ደግሞ አራቱን ጣቶች በአንድነት የሚሸፍን ወፍራም ጓንት ይልበሱ፤ በዚህ ሁኔታ ካርድና ባትሪ መቀየርን ቤትዎ መብራት አጥፍተው ይለማመዱ።

ሙሉ ልምምድ ለማድረግ ጊዜና አቅም ያለው ሰው ወደ ባሌ ይውጣ። የሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በበጋው ወራት ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጎህ ሲቀድ ቀይ ቀበሮን የሚጠብቁ ፎቶግራፈሮች ውርጩን በሚገባ ያውቁታል። ያ ካልተቻለ የቤት ፍሪዘር አለ፤ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያህል ነው። ካሜራውን በየአሥር ሰከንዱ እንዲያነሣ አድርገው በታሸገ ፌስታል ውስጥ ያስገቡትና አንዱ ባትሪ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይመዝግቡ። ከዚያ ፌስታሉን ሳይከፍቱ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፤ ካሜራው በእጅ ሲዳሰስ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝና ጤዛው ደርቆ እስኪያልቅ የፈጀውን ጊዜም እንዲሁ ይጻፉ። አቢስኮ ደርሰው ከሜዳ ሲገቡ ፌስታሉን ሳይከፍቱ የሚታገሡት ቢያንስ ያን ያህል ነው።