ትንሽ የአፈር ግድብን በራስ እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ኬንያ ውስጥ፣ ናኩሩ አካባቢ ሶላይ በሚባል ቦታ፣ የአንድ የግል እርሻ የአፈር ግድብ ማታ ላይ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ትልቅ የመንግሥት ፕሮጀክት አልነበረም። ለእርሻ ውሃ የሚያጠራቅም ግድብ ነው። ከበታቹ ግን ሰው ይኖር ነበር።

የአፈር ግድብ ብዙ ጊዜ ከመደርመሱ በፊት ምልክት ያሳያል። ችግሩ ምልክቱ የሚታየው በደረቁ ጎን መሆኑ ነው። እኛ ደግሞ ግድብ ስናይ ዓይናችን የሚሄደው ውሃው ላይ ነው። ፍተሻው ዋና ትኩረቱን ከውሃው ጀርባ ያድርግ።

መቼ? ሰኔ ከመግባቱ በፊት፣ ነሐሴ ላይ ግድቡ ሲሞላ፣ ክረምቱም ሲወጣ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስትም እንደገና። አዲስ ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ግን በየቀኑ መታየት አለበት። አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ የነበረው የቲተን ግድብ ከ90 ሜትር በላይ ከፍታ የነበረው፣ በመሐንዲሶች የተሠራ ግድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተደረመሰው ገና በመጀመሪያው ሙሌት ላይ ሳለ ነው።

ምን ይያዝ? ባዶ ሃይላንድ፣ ሜትር፣ ጥቂት ችካሎች፣ ረጅም ዱላ፣ ደብተርና ስልክ። ሰው አስከትሉ፤ ብቻችሁን አትሂዱ።

ከአናቱ ጀምሩ። ከአንዱ ጫፍ ቁማችሁ ወደ ሌላው ጫፍ ተመልከቱ። ግድቡ ቀጥ ያለ ነው? ወይስ አንድ ቦታ ላይ ወርዷል? የሰመጠ ቦታ ካለ ጎርፉ መጀመሪያ የሚያልፈው በዚያ ነው። ከዚያ ስንጥቅ ፈልጉ። መረሬ አፈር በበጋ መሰነጣጠቁ የታወቀ ነው፤ ስስ ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥም። የግድቡን አናት አቋርጦ ከውሃው ወደ ደረቁ ጎን የሚሄድ ስንጥቅ ግን ለውሃ መንገድ ይከፍታል። በግድቡ ርዝመት ሄዶ እንደ ቀስት የሚጎብጥ ስንጥቅ ደግሞ ቁልቁለቱ መንሸራተት መጀመሩን ሊያመለክት ይችላል። በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ችካል ትከሉ፣ ቀኑን ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ስንጥቁ ከችካሉ አልፎ ከተገኘ መሐንዲስ መጥራት ግድ ነው።

ወደ ደረቁ ጎን ውረዱ። እዚህ አትቸኩሉ። ቁልቁለቱን ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ውረዱና ግርጌውን ከዳር እስከ ዳር ሂዱ። በበጋ ሁሉ ነገር ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ለምለም ሳር ካለ፣ ወይም መሬቱ ከእግር ሥር ረግረግ ካለ፣ ውሃ ከውስጥ እየሰረገ ነው። የውሃ ማውጫው ቧንቧ ዙሪያ ደግሞ በተለይ ይታይ። ውሃ በቧንቧው ውስጥ ሳይሆን ቧንቧውን ታክኮ መውጣት ይወዳል።

ሁሉም የአፈር ግድብ ጥቂት ውሃ ያሰርጋል፤ ዋናው ነገር ውሃው አፈር ይዞ መውጣት አለመውጣቱ ነው። ሃይላንዱን በሚወጣው ውሃ ሙሉና ወደ ብርሃን ያዙት። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጡት። ጥርት ያለ ከሆነ መጠኑን ለኩ፦ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስንት ደቂቃ ፈጀ? የግድቡ ውሃ ከፍታ ሳይጨምር ጀሪካኑ ቶሎ ቶሎ መሙላት ከጀመረ ጥሩ ምልክት አይደለም። ውሃው ከደፈረሰ፣ ወይም ሥሩ ላይ ደለል ካስቀመጠ፣ ግድቡ ከውስጥ እየተሸረሸረ ነው። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ውሃው የሚፈልቅበትን አፍ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ አትድፈኑት። ግፊቱ ይጨምርና ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ለጊዜው የሚረዳው መጀመሪያ ንጹህ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ መጫን ነው። ውሃው ይወጣል፣ አፈሩ ይቀራል።

ዛፍና እንስሳ። ግድብ ላይ ባህር ዛፍ አይተከል። ሥሩ ሲበሰብስ ውሃ የሚሄድበት ቱቦ ይተዋል። ትልቅ ዛፍ ካለ ግን ዝም ብላችሁ አትንቀሉ፤ ጉድጓዱ ራሱ አደጋ ነውና ባለሙያ አማክሩ። ለግድብ የሚስማማው እንደ ሰርዶ ያለ አጭር ሳር ነው። አጭር ሲሆን የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድም ይታያል። ከብቶችን ከቁልቁለቱ አርቁ።

ማስተንፈሻውን፣ ማለትም ግድቡ ሲሞላ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ቦይ፣ አጽዱ። የአፈር ግድብ አናቱ ላይ ውሃ እንዲፈስበት አልተሠራም። ጎርፍ በላዩ ካለፈ በሰዓታት ውስጥ ሊበላው ይችላል። ግንድ፣ ቁጥቋጦና የዓሣ መረብ ከማስተንፈሻው ይነሳ። ተጨማሪ ውሃ ለመያዝ ብሎ በአሸዋ ከረጢት አፉን ከፍ የሚያደርግ ሰው አለ። ለአንድ በጋ መስኖ ብሎ የሰው ሕይወት ማስያዝ ነው፤ በፍጹም አይደረግ።

ፎቶ አንሱ። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ። አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ የኬሊ ባርንስ ግድብ እ.ኤ.አ. በህዳር 1977 ሌሊት ተደርምሶ 39 ሰዎች ሞተዋል። የአንድ ኮሌጅ ንብረት ነበር፤ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ። ከ4 ዓመት በፊት በተነሳ ፎቶ ላይ የደረቁ ጎን ቁልቁለት ተንሸራቶ ይታያል። ስለዚህ ፎቶውን አንስቶ መተው አይበቃም። ካለፈው ጋር አስተያዩትና ለባለሙያ አሳዩት።

አደጋ ከመጣ። የደፈረሰው ውሃ እየጨመረ ከሄደ፣ ቁልቁለቱ ከተንሸራተተ፣ ወይም ግድቡ ውስጥ ያለው ውሃ እንደ አዙሪት መሽከርከር ከጀመረ፣ የመጀመሪያው ሥራ ከታች ያለውን ሰው ማስነሳት ነው። ጥገናው ይቆይ። ግድቡ ላይ አትቁሙ። ጊዜ ካለ ውሃውን በማውጫው ቧንቧ ቀስ እያላችሁ ቀንሱ። በአንዴ ከወረደ በውሃው በኩል ያለው ቁልቁለት ሊናድ ይችላል።

ለዚህ የሚሆን ዝርዝር ከሰኔ በፊት ይዘጋጅ፦ ከግድቡ በታች ያሉ ቤቶች፣ የቀበሌውና የወረዳው ስልክ፣ የቅርብ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ስልክ። ሌሊት ኔትወርክ ከጠፋ ማን ጡሩንባ እንደሚነፋ፣ ሰዉም ወደ የትኛው ከፍታ እንደሚወጣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን የሚያወጣውም ሰው በስም ይታወቅ።